ቀዳሽ፣ ተኳሽ፣ አራሽ፦ የዓመታዊ ጉባኤያችን የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ አባላት፣ ውድ እንግዶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ጉባኤውን ስለ አንድ ሰው በማውራት ልክፈት። ዦርዥ ዱሜዚል ይባላል፤ ፈረንሳዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1898 ተወልዶ በ1986 አረፈ። ዕድሜውን የፈጀው የተለያዩ ሕዝቦችን አፈ ታሪክ ጎን ለጎን አድርጎ በማንበብ ነው።

በ1938 አንድ ነገር ብልጭ አለለት። ጥንታዊት ሮም ለሦስት አማልክት የቆሙ ሦስት ዋና ካህናት ነበሯት፤ አንዱ የጁፒተር፣ አንዱ የማርስ፣ አንዱ የኩዊሪኑስ። የጥንት ሕንዶች ደግሞ ሕዝባቸውን ካህን፣ ጦረኛና አምራች ብለው ይከፍሉ ነበር። ዱሜዚል ሁለቱ ከአንድ ምንጭ የተቀዱ ናቸው አለ። የስካንዲኔቪያን የጥንት አማልክት ኦዲንን፣ ቶርንና ፍሬይንም እዚያው መስመር ላይ አሰለፋቸው።

ይህን መጀመሪያ ሳነብ ክው ነው ያልኩት። «ቀዳሽ፣ ተኳሽ፣ አራሽ» ሲባል እየሰማሁ አይደል ያደግሁት! ግን እንጠንቀቅ። እሱ የተናገረው ስለ ኢንዶ-አውሮፓ፣ ማለትም ከሕንድ እስከ አውሮፓ ስለሚነገሩ ተዛማጅ ቋንቋዎች ተናጋሪዎች ነው፤ ስለ እኛ አይደለም። እንዲያውም የእኛ አባባል የሚመቸው ለተቺዎቹ ነው። ይህ አከፋፈል የአንድ ቋንቋ ቤተሰብ ውርስ ብቻ ነው ወይ ብለው ይጠይቃሉና። ጥያቄው ተገቢ ነው ባይ ነኝ።

ዱሜዚል በ1978 የፈረንሳይ አካዳሚ አባል ሆነ። ፈረንሳዊውን ፈላስፋ ሚሼል ፉኮን የመሰለ ሰውም ከእሱ ብዙ ተምሯል።

እኔን አንጀቴን የሚበላኝ ግን ሌላው ሥራው ነው። ከ1925 እስከ 1931 ኢስታንቡል ሲያስተምር በጥቁር ባሕርና በካስፒያን ባሕር መካከል ካለው የካውካሰስ ተራራማ አገር የመጡ ስደተኞች ልጆች ጋር ተዋወቀ። ከነሱ መካከል ኡቢኾች ነበሩ፤ በ1864 በሩሲያ ጦር ተሸንፈው አገራቸውን የለቀቁ ሕዝቦች። ቋንቋቸው ከ80 በላይ ተነባቢ ድምፆች አሉት፤ አናባቢው ግን 2 ብቻ! ተናጋሪው እያለቀ ነበር። ዱሜዚል ቴቭፊክ ኤሴንች ከሚባል ኡቢኽ ጋር ለዓመታት ተቀመጠ። ስሙ የገነነው ፕሮፌሰር እንደ ተማሪ ጆሮውን ሰጥቶ፣ አንዷን ድምፅ ደግመህ በልልኝ እያለ፣ ተረቱን ቃል በቃል ጻፈ። ኤሴንች በ1992 ሲሞት ቋንቋውን አቀላጥፎ የሚናገር ሰው አልቀረም። ተረቱ ግን ተጽፎ አለ።

ስልካችሁ ውስጥ የአያቶቻችሁን ተረት ቀድታችሁ የመጣችሁ አባላት፣ መዝጋቢያችን በሩ አጠገብ ተቀምጣለች። ከሻይ እረፍቱ በፊት ስጧት። የተራኪውን ስምና የተቀዳበትን ቦታ መንገር አትርሱ።

ጉባኤው ተከፍቷል።