እርጎው ውስጥ ቫይታሚን የሚሠራው ማን ነው?

(ምስል፦ ጎንደር፣ አዘዞ። በወይራ የታጠነ ቅል፤ ውስጡ የረጋ እርጎ።)

ጤና ይስጥልን። ወተት የሚያረጉት ባክቴሪያዎች የወተቱን ስኳር ወደ አሲድ ይለውጣሉ። ከዚህ ጎን ለጎን አንዳንዶቹ ቫይታሚን ይሠራሉ።

አንዳንዶቹ ነው ያልኩት። በፋብሪካ እርጎ ውስጥ ሁለት ባክቴሪያዎች አብረው ይሠራሉ። ስትሬፕቶኮከስ ቴርሞፊለስ ፎሌት፣ ማለትም ቫይታሚን ቢ 9፣ ያመርታል። ጓደኛው ላክቶባሲለስ ቡልጋሪከስ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ያንኑ ፎሌት ይበላበታል። ስለዚህ እርጎው ምን ያህል ፎሌት እንደሚኖረው የሚወስኑት የሁለቱ ምጣኔና የተመረጠው ዝርያ ናቸው። ማሸጊያው ላይ «ፕሮባዮቲክ»፣ ማለትም ለጤና የሚጠቅም ሕያው ባክቴሪያ ያለበት፣ ስለተባለ ብቻ ቫይታሚን አለው ብላችሁ አትግዙ።

ፎሌት ለእናቶች የዋዛ ነገር አይደለም። አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሚሆነው የፅንሱ የነርቭ ቱቦ በደንብ እንዲዘጋ ፎሌት ያስፈልጋል፤ የሚዘጋውም ፅንሱ በተፈጠረ በ28 ቀን ገደማ ነው፤ ብዙ ሴት ማርገዟን ሳታውቅ ማለት ነው። ከእርግዝና በፊት ጀምሮ በቀን 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ፣ ማለትም በኪኒን የሚወሰደው ፎሌት፣ የሚመከረውም ለዚህ ነው። እርጎ ኪኒኑን አይተካም።

(ምስል፦ አሬራው ሞቆ አይቡ ሲለይ፤ አጓቱ በቅርብ።)

አጓቱን ወደ ብርሃን አድርጋችሁ እዩት። ወደ አረንጓዴ የሚያደላው ቢጫ ቀለም ቫይታሚን ቢ 2፣ ራይቦፍላቪን፣ ነው። በውኃ ስለሚሟሟ ከአጓቱ ጋር ይወርዳል። (አጓት የምትደፉ፣ ሰምታችኋል!)

ባክቴሪያ ይህን ቫይታሚን አብዝቶ እንዲሠራ የሚደረግበት ዘዴ ተንኮል አለበት። ሮዚዮፍላቪን የሚባል፣ ራይቦፍላቪንን የሚመስል መርዝ ይሰጡታል። አብዛኛው ይሞታል። ከተረፉት መካከል ልጓማቸው የተበጠሰ ይገኛሉ፤ ራይቦፍላቪኑን ያለ ገደብ ያመርታሉ። ባዕድ ዘረመል አልተጨመረባቸውም።

ሁዳዴ ሲገባስ? ቅሉ ይሰቀላል፤ ቢ 12 የምናገኝባቸው ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ከገበታ ይወጣሉ። ቢ 12ን ተክል አይሠራውም፣ ባክቴሪያ ነው የሚሠራው። ፕሮፒዮኒባክቴሪየም ፍሮይደንራይሂ የተባለው በቤተ ሙከራ እህል ውስጥ ሲያመርተው ታይቷል።

(ምስል፦ ሊጥ ምጣድ ላይ ሲዞር።)

ለእንጀራስ? ምጣዱ ባክቴሪያውን ይገድለዋል፤ እንጀራው ፕሮባዮቲክ አይሆንም። ከመጋገሩ በፊት የተሠራው ቫይታሚን ግን በከፊልም ቢሆን ይተርፋል። እኔን የሚያጓጓኝ ይህ መንገድ ነው። ችግሩ፣ ይህ ባክቴሪያ ኮምጣጣ አይወድም፣ የእኛ ሊጥ ደግሞ ቶሎ ይኮመጥጣል። እርሾው ከመግባቱ በፊት ለብቻው ጊዜ ሊሰጠው ይገባል።