ቮልስ ለምን ይወደዳል? ደግሞስ እውነት «አትሞቅም»?

[ድምፅ፦ የቮልስ ሞተር ሲነሳ]

ስሙት። ስሙትማ። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ይሄን ድምፅ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሞ እንኳ ይለየዋል። ዞር ሳይል «ቮልስ መጣች» ይላል።

እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ ስለ ቮልስ፣ ስለ ቮልስዋገን ቢትል ነው። ስለ ታሪኳ ትንሽ፣ ስለ ሞተሯ ትንሽ፣ ስለ ደስታዋ ግን ብዙ። «አሮጌ መኪና ይዞ መንገላታት ምን ይባላል?» የሚል ጥያቄ ከኮሜንት ጠፍቶ አያውቅም። ደግ ጥያቄ ነው፣ መልስ አለኝ።

ታሪኩን ቶሎ ቶሎ ልበለው። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው። ዲዛይኗ የፈርዲናንድ ፖርሽ ነው። የፋብሪካው መሠረት የተጣለው በ1938 ጀርመን ውስጥ፣ ዛሬ ቮልፍስቡርግ በምንለው ከተማ ነው። ለሕዝብ ትሸጣለች ተብላ ነበር፣ ጦርነቱ ቀደማት። ከጦርነቱ በኋላ ኢቫን ኸርስት የሚባል የእንግሊዝ ጦር ሻለቃ የተደበደበውን ፋብሪካ አስነሳው። በ1972 የፎርድ ሞዴል ቲን የምርት ክብረ ወሰን ሰበረች። የመጨረሻዋ በ2003 ሐምሌ መጨረሻ ላይ ሜክሲኮ፣ ፑዌብላ ውስጥ ወጣች። ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች።

የኛም ታሪክ ውስጥ አለች። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን ሲወርዱ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የወጡት በቮልስ ነው። ሮልስ ሮይስ የነበራቸው ንጉሥ! ያን ቀን የሚያስታውሱ ትልልቅ ሰዎች ስለ ቮልሷ ሳያነሱ አያልፉም።

እሺ፣ ታሪክ በቃ። አሁን ወደምወደው ምሳሌ። የቆያችሁ ተከታታዮች ታውቁታላችሁ፣ ግን እደግመዋለሁ። ኪቦርድና ክራር።

[ምስል፦ ክራር የሚቃኝ እጅ በቅርበት]

ኪቦርድ ይከፈታል፣ ይነካል፣ ድምፅ ይወጣል። ትናንት የወጣው ዛሬም ይወጣል። ቢበርድ ቢሞቅ ግድ የለውም። ጥሩ ነገር ነው፣ ኪቦርድ የምሰድብ እንዳይመስላችሁ። አዲስ መኪናም እንዲሁ ነው። ቁልፍ ትጫናላችሁ፣ ይነሳል። የቀረውን ኮምፒውተሩ ይጨርሰዋል።

ክራር ግን ሳይቃኝ አይመታም። ባለ ክራሩ ቁጭ ይላል። ጆሮውን ዘንበል ያደርጋል። አንዷን ክር ነካ ያደርጋታል፣ ጠበቅ ያደርጋታል፣ መልሶ ላላ ያደርጋታል። እንደገና ነካ። ቤቱ ሙሉ ሰው ይጠብቀዋል። «ምነው አዘገየኸን» የሚለው የለም፤ ጨዋታው ከዚያ ጀምሯላ! ከትዝታ ወደ ባቲ ሲሄድ እንደገና ይቃኛል። ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ክሩ ይለወጣል፣ እንደገና ይቃኛል። ሲጫወት ደግሞ ጣቱና ክሩ መሃል ምንም የለም። ከሳተ ይሰማበታል። ካማረለትም ያማረው በእሱ እጅ ነው።

ቮልስ ማለት ይቺ ናት። ጠዋት ቤንዚኑን ሁለት ሦስት ጊዜ ረገጥ ረገጥ ታደርጉና ታስነሳላችሁ። ከዚያ ታዳምጣላችሁ። ሚኒሞው፣ ማለት ሳትረግጡት የሚዞርበት ፍጥነት፣ ወርዷል? ቫልቭ፣ የሞተሩ የአየር በር፣ ይንኳኳል? ፍሪሲዮኑ ከየት ነው የሚይዘው? መሪው ምንም ረዳት የለውም። ኮብልስቶን ላይ ስትገቡ እያንዳንዷን ድንጋይ መዳፋችሁ ላይ ታገኟታላችሁ። ወደ እንጦጦ ስትወጡ በሁለተኛ ማርሽ ነው፤ ሞተሩ ከኋላችሁ ሆኖ ሲገፋ ወንበሩ ይነግራችኋል። በ50 እየሄዳችሁ የሄዳችሁበትን እያንዳንዱን ሜትር ታውቁታላችሁ። ይሄንን ደስታ በ120 የሚሰጥ አዲስ መኪና እኔ አልነዳሁም።

አራት ቅኝት አለን አይደል? ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ። የቮልስም ሲሊንደር፣ ቤንዚኑ የሚቃጠልበት ክፍል፣ አራት ነው። ፖርሽ ወሎን ያውቅ ነበር አልልም፣ ግን ደስ ይለኛል!

ሞተሩን በአጭሩ። መሠረቱን ታውቁታላችሁ ብዬ ነው የምሮጠው። ሁለት ሲሊንደር በግራ፣ ሁለት በቀኝ፣ ተጋድመው ፊት ለፊት። ቤንዚንና አየር የሚያደባልቀው ካርቡሬተር አንድ። ራዲያተር የለም፣ የውሃ ፓምፕ የለም፣ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው። ዘይቱ 2.5 ሊትር ብቻ፣ ወረቀት ፊልትሮ የለውም፣ ወንፊት ነው ያለው። የቫልቭ ክፍተት ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ 0.15 ሚሊ ሜትር። ሞተሩን ከካምቢዮው፣ ከማርሽ ሳጥኑ ጋር፣ የሚይዙት አራት ትልልቅ ብሎኖች ናቸው፤ ሁለት ጎበዝ ሰዎችና አንድ ክሪክ ካላችሁ ጠዋት ታወርዱታላችሁ። በቃ፣ ጨረስን።

ቅኝቱ ላይ ግን ቆም ልበል፣ ምክንያቱም አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ አየሩ ከባሕር ጠለል አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ካርቡሬተር ደግሞ ይሄን አያውቅም። ለሐምቡርግ የሚሰጠውን ቤንዚን ለመርካቶም ይሰጣል። አየሩ አንሶ ቤንዚኑ ይበዛል። ጭስ፣ ሽታ፣ የቤንዚን ወጪ። ቤንዚኑን በእሳት የሚለኩሰውን ካንዴላ ፍቱና ጫፉን እዩት። ጥቁር ጥላሸት ከያዘ ቤንዚን በዝቷል፣ አነስ ያለ የቤንዚን ቀዳዳ ይግባለት። ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሶታል፣ ሞተሩ እየተቃጠለ ነው። ቡናማ ሆኖ ካገኛችሁት ተቃኝቷል። እንዲህ በዓይንና በጆሮ የሚስተካከል መኪና ዛሬ የት አለ?

[ምስል፦ ሦስት ካንዴላዎች ጎን ለጎን]

ላይክ ያላደረጋችሁ አሁን አድርጉ፤ ቀጥሎ የምለው የብዙ ሰው ሞተር ያተርፋል።

ባለፈው ቪዲዮ ስር ደጋግማችሁ የጻፋችሁት አለ። «ቮልስ ውሃ ስለሌላት አትሞቅም።» አንዱ ጽፎ ሌላው አጸደቀው፣ ሌላው «አባቴም እንዲህ ይል ነበር» አለ። ዛሬ ባለ 6 ቮልቷን ቮልስ ወደ 12 ቮልት ስለመቀየር ልናወራ ነበር፣ ቀረ። ይሄ ሳይጠራ አላልፍም።

ቮልስ ትሞቃለች። የማትፈላው የሚፈላ ውሃ ስለሌላት ነው። መፍላትና መሞቅ ይለያያሉ! ራዲያተር ያለው መኪና ሲሞቅ ይጨሳል፣ ያፏጫል፣ መለኪያው ይነግራችኋል። ቮልስ ስትሞቅ ዝም ትላለች። መለኪያም የላትም። ዝም ብላ ትደክማለች፣ አቀበት ላይ ትሰንፋለች፣ ከዚያ አንድ ቀን ሲሊንደሩ ውስጥ የሚመላለሰው ፒስቶን ይጣበቃል።

ሙቀቱን የሚያወጣው ማነው? ቨንትሌተሩ፣ ማራገቢያው ነው። ቨንትሌተሩን የሚያዞረው የዲናሞው ዘንግ ነው፣ ባትሪ የሚሞላው ዲናሞ። ዲናሞውን የሚያዞረው አንዲት ቺንጊያ ናት። አንዲት! ስለዚህ እየነዳችሁ የዲናሞው ቀይ መብራት ቦግ ካለ «ባትሪ ነው፣ ቤት ድረስ ያደርሰኛል» እንዳትሉ። ቺንጊያው ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። ተበጥሶ ከሆነ ሞተሩ አየር የለውም። ቁሙ። ወዲያው ቁሙ፣ አጥፉ፣ ውረዱና እዩ። በጋለ ሞተር ላይ ደግሞ ውሃ እንዳታፈሱ፣ ብረቱ ይሰነጠቃል።

«አዲስ አበባ ብርድ ናት፣ እዚህ ችግር የለውም» ያላችሁም አላችሁ። ብርዱ እውነት ነው። ግን አየሩ ሳስቷል አላልንም? የሳሳ አየር የሚሸከመው ሙቀት ትንሽ ነው። አንዱ ሌላውን ይበላዋል።

ሦስተኛው ሲሊንደር ደግሞ የብቻው ታሪክ አለው። በድሮዎቹ ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው በአየሩ መንገድ ላይ ቆሟል፤ ከኋላው ያለው ሦስተኛው ሲሊንደር የሚደርሰው ያነሰና የሞቀ አየር ነው። በፈረንጅ ከ1971 ሞዴል ጀምሮ ትልልቆቹ ሞተሮች ላይ ማቀዝቀዣውን ከመንገዱ አወጡለት። የናንተ ከዚያ በፊት ከሆነች የሦስተኛውን ቫልቮች ቶሎ ቶሎ አስለኩ።

አሁን ኮፈኑን ክፈቱ፣ የኋላውን። በሞተሩ ዙሪያ የሚዞር ጥቁር ጎማ አለ? ቆርቆሮዎቹ ሁሉ በቦታቸው ናቸው? ከላይ ቀዝቃዛው አየር ይገባል፣ ከታች የጋለው ይወጣል። ጎማው ከሌለ የወጣው የጋለ አየር ተመልሶ ይገባል። ሞተሩ የራሱን ትንፋሽ ይተነፍሳል ማለት ነው። እነዚያን ቆርቆሮዎች «ምንም አይሠሩም» ብሎ ፈትቶ የጣለ ጋራዥ አውቃለሁ። ሳስበው አሁንም ያናድደኛል። ያ ቆርቆሮ የቮልስ ራዲያተር ነው!

ይኸው። «አትሞቅም» የሚለውን ሰው ስታገኙ ይሄን ቪዲዮ ላኩለት።

ወደ ደስታው ልመለስ። በፈረንጅ በ60ዎቹና በ70ዎቹ ሞዴሎች ላይ የመስታወቱን ውሃ የሚረጨው ምን መሰላችሁ? የስኮርት ጎማው አየር! ከፊት ከተቀመጠው ከዚሁ ስኮርት ጎማ ቀጭን ቱቦ ወደ ውሃው ዕቃ ይሄዳል። ሞተር የለው፣ ሽቦ የለው። እኔ እንዲህ ያለ ብልሃት ሳይ ልቤ ይሞላል። ደግሞ መብራት ላይ ስትቆሙ ጎናችሁ ያለው ሰው መስኮቱን ዝቅ ያደርግና «የአባቴ መኪና ነበረች» ይላችኋል። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖም ወሬው አያልቅም። ከኋላ ክላክስ።

አንድ ነገር ግን በጣም ያሳስበኛል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ሕግ በአሮጌ መኪና ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የቤንዚን የቤት መኪና ማስገባት ተከለከለ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያሉት ቮልሶች ያሉት ናቸው። አንዷ ለቁራሌ በተሸጠች ቁጥር በቦታዋ የምትተካ የለችም። ቤተሰባችሁ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ የቆመች ካለች እባካችሁ በኪሎ አትሽጧት። መግዛት የሚፈልግ ወጣት ሞልቷል።

ለምትገዙም አንድ ምክር። ቀለሙን ተዉት። የኋላውን ወንበር አንሱት፣ ባትሪው በቀኝ በኩል ከሥሩ ነው። አሲድ ፈስሶ ወለሉን በልቶት እንደሆነ በእጃችሁ ዳብሱ፣ በመፍቻ ጫፍ ነካ ነካ አድርጉት። ባትሪው ላይ ክዳን መኖሩንም እዩ። ከሌለ የወንበሩ ሽቦ ባትሪውን ይነካና ወንበሩ እሳት ሊይዝ ይችላል። ሻጩ «ወንበሩን ምን አስነሳችሁ» ካለ ቀስ ብላችሁ ውጡ።

ያስቀረናትን የቮልት ነገር፣ ባለ 6 ቮልቷን ወደ 12 እንዴት እንደምንቀይር፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሽቦ በሽቦ አሳያችኋለሁ። ሰብስክራይብ አድርጉ፣ ደወሏን ተጫኑ። የቮልሳችሁን ሞዴልና የሞተሩን መጠን ከታች ጻፉልኝ፤ የቺንጊያውን ቁጥር ለጠየቀ ሁሉ እመልሳለሁ።