ሦስቱ ካርቶኖች

[ምስል፦ ባዶ ክፍል። ወለሉ ላይ ሦስት የታሸጉ ትልልቅ ካርቶኖች።]

ኦክቶበር 28 ቀን 2016፣ ሲንጋፖር። ፓርቲ ልያኒ የምትባል ኢንዶኔዥያዊት የቤት ሠራተኛ ከ2007 ጀምሮ ካገለገለችበት ቤት በዚያው ዕለት እንድትወጣ ተነገራት። ዘጠኝ ዓመት ያጠራቀመችውን ለመሸከፍ የተሰጣት ጥቂት ሰዓት ብቻ ነበር። ልብሷንና ዕቃዋን በሦስት ካርቶን አስገባች፤ ቤተሰቡ ወደ አገሯ እንዲልክላት ጠይቃ ወጣች። ከመውጣቷ በፊት ግን አንድ ነገር ተናግራ ነበር። ከተቀጠረችበት ቤት ሌላ የአሠሪዋን ልጅ ቤትና ቢሮ ስታጸዳ እንደኖረች ለሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስቴር እንደምታመለክት።

በማግስቱ ካርቶኖቹ ተከፈቱ። በሦስተኛው ቀን የስርቆት አቤቱታ ለፖሊስ ቀረበ። ፓርቲ ይህን ሳታውቅ ዲሴምበር ላይ ወደ ሲንጋፖር ስትመለስ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ተያዘች። የነገር ገጠመኝ ሆኖ፣ የቀድሞ አሠሪዋ የዚያው አውሮፕላን ማረፊያ ድርጅት የቦርድ ሰብሳቢ ነበሩ።

እዚህ ላይ ቪዲዮውን ለአፍታ አቁሙትና ራሳችሁን ጠይቁ። ከአንድ ባለጸጋ ቤት የወጣች የቤት ሠራተኛ በስርቆት ተይዛለች። በልባችሁ መጀመሪያ የመጣው ምንድን ነው? «ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ» ከሆነ ብቻችሁን አይደላችሁም። እኔም ዜናውን መጀመሪያ ያነበብኩት በዚያው ዓይን ነው።

የፓርቲን ነገር እንመለስበታለን። መጀመሪያ ቤቱን እንየው።

[ምስል፦ አንድ በር፣ ከውስጥ የሚታይ]

ባዕድ አገር ሄዳ፣ ሰው ቤት እያደረች አረጋዊ ወይም ሕመምተኛ የምትንከባከብ ሴት በአንድ በር ውስጥ አራት ነገር አላት፦ ደመወዝ፣ አልጋ፣ ምግብ፣ የመኖሪያ ፈቃድ። በሩ ሲዘጋባት አራቱም አብረው ይዘጋሉ። የቢሮ ሠራተኛ ከአለቃው ጋር ቢጣላ ማታ ገብቶ የሚተኛበት ቤት አለው። እሷ የተጣላችው ከምትተኛበት ቤት ጋር ነው።

በዓለም ዙሪያ ዕድሜያቸው 15 እና ከዚያ በላይ የሆኑ የቤት ሠራተኞች 75.6 ሚሊዮን እንደሚደርሱ የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2021 ገምቷል። ከአራቱ ሦስቱ ሴቶች ናቸው። ከአሥሩ ስምንቱ ደግሞ ሕጋዊ የሥራ ጥበቃ በቅጡ የማይደርሳቸው ናቸው።

ከእነዚህ መካከል ስደተኛዋን የሚለያት አራተኛው ነገር፣ ፈቃዱ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮችና በሊባኖስ ሲሠራበት የቆየው የከፋላ ሥርዓት የሠራተኛዋን ሕጋዊነት ከአንድ አሠሪ ስም ጋር ያስራል። አሠሪው «ጠፍታለች» ብሎ ካመለከተ፣ ትናንት ሕጋዊ የነበረችው ሴት ዛሬ ተፈላጊ ናት። የሸሸችው ደመወዟ ስለተከለከለ ይሁን ስለተደበደበች መዝገቡ ላይ አይጻፍም። ነገሩ ግን የአረብ አገር ብቻ ተደርጎ መነገሩ አይዋጥልኝም። የእስራኤል ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2006 የውጭ ሠራተኞችን ከአንድ አሠሪ ጋር የሚያስረውን አሠራር ውድቅ ሲያደርግ ከዘመናዊ ባርነት ጋር አመሳስሎታል። ብሪታንያ ደግሞ በ2012 ወደ ኋላ ተመልሳ የቤት ሠራተኞችን ቪዛ ይዘዋቸው ከመጡት አሠሪዎች ጋር አሰረችው። ካናዳ በ1992 ባወጣችው መርሐ ግብር አንዲት ተንከባካቢ ቋሚ ነዋሪነት ለመጠየቅ በአሠሪዋ ቤት እየኖረች ለሁለት ዓመት ያህል እንድትሠራ ታስገድድ ነበር፤ ግዴታው የተነሣው በ2014 ነው።

በዚህ ላይ ብዙዎቹ ለደላላና ለኤጀንሲ የከፈሉት ብድር አለባቸው። ዕዳ ያለባት ሴት በመጀመሪያው ወር አትጨቃጨቅም። በሁለተኛውም።

[ምስል፦ የግድግዳ ሰዓት፣ ሌሊት]

አሁን ሒሳብ እንሥራ። አንድ ሳምንት 168 ሰዓት አለው። ለብቻው ሊተው የማይችል ሕመምተኛን ቀንና ሌሊት ለመጠበቅ፣ እያንዳንዱ ሠራተኛ በሳምንት 40 ሰዓት ቢሠራ፣ ከአራት ሰው በላይ ያስፈልጋል። አንዲት ሴት ቤት ውስጥ አሳድሮ ይህን ሁሉ ማሠራት ማለት የአራት ሰው ሥራ በአንድ ሰው ደመወዝ መግዛት ነው። ልዩነቱን የምትከፍለው በእንቅልፏ ነው።

በ2021 የጀርመን ፌዴራል የሥራ ክርክር ፍርድ ቤት አንድ ጉዳይ ቀረበለት። ከሳሿ ቡልጋርያዊት ናት፤ በርሊን ውስጥ ዕድሜያቸው ከ90 ያለፈ አረጋዊት ቤት እየኖረች ትንከባከባቸው ነበር። ውሉ በሳምንት 30 ሰዓት ይላል። እሷ ያለችው ደግሞ፣ አረጋዊቷ መጸዳጃ ቤት ለመሄድ ቢጣሩ እንድትሰማ የክፍሏ በር ሌሊትም ክፍት ማደር ነበረበት። ፍርድ ቤቱ ጥሪ እየጠበቁ መቆየትም ዝቅተኛው ደመወዝ ሊታሰብለት የሚገባ ሥራ ነው ሲል ወሰነ። ሌላ ቦታ የተወሰነው ግን ሌላ ነው። በኒው ዮርክ በ2019 የክፍለ ግዛቱ ከፍተኛው ፍርድ ቤት የ24 ሰዓት ተረኛ የቤት ተንከባካቢ፣ የእንቅልፍና የምግብ ጊዜ ካገኘች፣ የ13 ሰዓት ብቻ ሊከፈላት ይችላል የሚለውን አሠራር አጽንቷል።

እንቅልፍ አገኘች ማለት ምን ማለት ነው? ሕመምተኛው በሌሊት ሦስት ጊዜ ቢነሡ፣ በየጊዜውም ሃያ ደቂቃ ቢወስድ፣ ወረቀት ላይ አንድ ሰዓት ሥራ ነው። የእሷ ሌሊት ግን አራት ቦታ ተቆራርጧል። ሕመምተኛ ያስታመመ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ልዩነቱ እናቱን ያስታመመ ሰው ሌሊቱን የሚካፈለው እህት ወይም ወንድም ሊኖረው መቻሉ ነው።

የብዝበዛው አጀማመር ብዙ ጊዜ በጩኸት አይደለም። «አንቺኮ እንደ ቤተሰባችን ነሽ» በሚል ነው። ከዚያ የልጅየው ቤት ይጸዳ፣ የእህትየው ልጆች ይጠበቁ፣ እንግዳ ሲመጣ ምግቡ ይሠራ። ቤተሰብ ነሽና የትርፍ ሰዓት አይጠየቅም። ዕቃ የጠፋ ቀን ግን ቤተሰብነቱ በአንድ ጊዜ ይቀራል።

[ምስል፦ የተከፈተ መሳቢያ]

ክሱ ለምን በቀላሉ ይጣበቅባታል? ቁልፉ በእጇ ነው። ቀኑን ሙሉ ከሕመምተኛው ጋር ብቻዋን ናት። ምስክር የላትም። የምትናገረው ቋንቋ ፖሊሱ የሚጽፈው ላይሆን ይችላል። እስከዚህ የሚገመት ነው።

እኔን የገረመኝ የሕክምናው ወገን ነው። የመርሳት በሽታ ካሉት የታወቁ ምልክቶች አንዱ «ተሰረቅሁ» ማለት ነው። ሕመምተኛዋ ቀለበቷን ሶፋ ሥር ትደብቃለች፤ መደበቋን ትረሳለች፤ ቀለበቱ በቦታው የለም፤ ስለዚህ ሌባ አለ። ሌባው የሚሆነው ደግሞ ሁልጊዜ አጠገብ ያለው ሰው ነው። ሴት ልጅ ብታስታምም ልጅየዋ ትወነጀላለች፤ የቤተሰብ ሐኪሞች ይህን ለልጆች ያስረዳሉ፣ ልጆችም እያዘኑ ይስቃሉ። ተንከባካቢዋ ባዕድ ስትሆን ግን ያው የበሽታ ምልክት የምስክር ቃል ይሆናል።

የቆዳ መበለዝም እንዲሁ ነው። የአረጋዊ ቆዳ ስስ ነው፤ የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ከአልጋ ሲደገፍ እንኳ ይበልዛል። በእርግጥ ምቱም ሊኖር ይችላል። የሚለየው ሐኪም እንጂ የተቆጣ ዘመድ ወይም ፎቶግራፉን ያየ ሕዝብ አይደለም።

ሕዝቡ የሚያየው ደግሞ የመያዟን ዜና ነው። ስሟ፣ ፊቷ፣ ዜግነቷ። ከሦስት ዓመት በኋላ ነጻ ብትወጣ ያ ዜና እንደ መጀመሪያው አይሮጥም።

እውነተኛ በደል የለም እያልሁ አይደለም። ሕመምተኛ የመቱ፣ ያስራቡ፣ ገንዘብ የወሰዱ ተንከባካቢዎች በማስረጃ ተፈርዶባቸዋል፤ መናገር የማይችል ሰው በእነሱ እጅ ሲወድቅ ደግሞ ከዚህ የከፋ ነገር ማሰብ ይከብዳል። ቤተሰቦቹም ሁሉም ባለጸጋ አይደሉም። ሥራዋን ለቃ እናቷን ልታስታምም የማትችል፣ የአራት ሰው ደመወዝም የማትከፍል ልጅ ምን ታድርግ? መንግሥት የተወውን ሸክም ሁለት ሴቶች ላይ ጥሎታል፤ አንዷ ከፋይ፣ ሌላዋ ተሸካሚ። ነገር ግን ንጹሕ ሆኖ የመገመት መብት የተጻፈው ለምናምነው ሰው አይደለም። የምናምነውን ሰውማ ማን ይጠረጥረዋል?

[ምስል፦ ካርቶኖቹ እንደገና፣ አሁን ተከፍተው]

ወደ ሲንጋፖር እንመለስ። በማርች 2019 የሥር ፍርድ ቤት ፓርቲ ከ34,000 የሲንጋፖር ዶላር በላይ የሚገመት ዕቃ ሰርቃለች ብሎ 26 ወር እስራት ፈረደባት። ይግባኝ አለች፤ ጠበቃዋ የቆመላት ያለ ክፍያ ነበር። ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሴፕቴምበር 4 ቀን 2020 ፍርዱን ሻረው።

ዳኛ ቻን ሴንግ ኦን ዕቃዎቹን አንድ በአንድ አገላበጡ። ተሰረቀ የተባለው የዲቪዲ ማጫወቻ ዲስክ ማጫወት የማይችል ሆኖ ተገኘ። የአሠሪዋ ወንድ ልጅ ንብረት ነው የተባለ ልብስ የሴት ልብስ ነበር። ካርቶኖቹ ከተከፈቱ በኋላ ፖሊስ ቤቱን የጎበኘው አምስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ነው፤ በመካከሉ ዕቃዎቹ በቤተሰቡ እጅ ነበሩ። ቃሏን ስትሰጥ የቋንቋዋ አስተርጓሚ ያልነበረበት ጊዜ ነበር። ከሁሉ በላይ ዳኛው ያዩት የቀኑን ቅደም ተከተል ነው፤ አመለክታለሁ ባለች በሁለት ቀን ውስጥ ለፖሊስ አቤቱታ ቀረበባት። አቤቱታው ያንን ማመልከቻ ለማስቀረት የታሰበ ስውር ዓላማ እንደነበረው አምነው ጻፉ።

ሥራውና ውንጀላው ሁለት የተለያዩ ታሪኮች እንዳልሆኑ ከዚህ ይልቅ የሚያሳይ መዝገብ አላውቅም። መጀመሪያ ከውል ውጭ ጽዳት አለ። ቀጥሎ «አመለክታለሁ» አለ። ሦስተኛው ስርቆት ነው። እኛ ታሪኩን የሰማነው ከሦስተኛው ጀምሮ ነው።

ሌላ ዓይነት ቤት ይቻላል ወይ ለሚል፣ ጽሑፉ አለ። በ2011 የጸደቀውና በ2013 ሥራ ላይ የዋለው የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት የቤት ሠራተኞች ስምምነት ቁጥር 189 ፓስፖርቷ በእጇ እንዲሆን፣ በሳምንት ቢያንስ ተከታታይ 24 ሰዓት እንድታርፍ፣ በዕረፍቷ ቀን ቤት እንድትቆይ እንዳትገደድ ይላል። ፈቃዷን ይዛ አሠሪ መቀየር የምትችል ሴት ስትበደል ትሄዳለች፤ ስትወነጀልም ጠበቃ የምትፈልግበት ማደሪያ ይኖራታል። ስትወጣ ዕቃዋ በፊቷ ተቆጥሮ ሁለቱም ወገን ቢፈርሙ ኖሮ፣ ስለ ሦስት ካርቶን አራት ዓመት ባልተሟገቱ ነበር።

እነዚያን አራት ዓመታት ፓርቲ ያሳለፈችው በስደተኛ ሠራተኞች መጠለያ፣ ሥራ እንዳትሠራ ተከልክላ ነው። ነጻ ከወጣች በኋላ ካሳ ብትጠይቅ በ2021 ውድቅ ሆነባት። ስለ ልብሶቹ ለፍርድ ቤት ሐሰት የተናገረው የአሠሪዋ ልጅ በ2023 ጥፋቱን አምኗል። የተፈረደበት የሁለት ሳምንት እስራት ነው።

[ምስል፦ ጥቁር]