የፈረስ ስም፣ የአያት ስም፦ ስለ ጅማ «አባ» ስሞች የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የጅማ ከተማና የአካባቢዋ ነዋሪዎች፣ አባቶችና እናቶች፣ በወሳኝ ኩነት ምዝገባ ሥራ ላይ የምትገኙ ባለሙያዎች፣ ተማሪዎች፣ ክቡራትና ክቡራን፤

እንድናገርበት የተሰጠኝ ርዕስ «ብርቅ የሆኑ የቤተሰብ ስሞች፣ አመጣጣቸው፣ ትርጉማቸውና የተሸካሚዎቻቸው ብዛት» የሚል ነበር። ርዕሱን በአክብሮት ተቀብዬ ወደ ደጃችን አቅርቤዋለሁ፤ ምክንያቱም በአገራችን የቤተሰብ ስም የሚባለው ነገር በሕግ መጽሐፍ እንጂ በቤታችን የለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 32 እያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም፣ አንድ ወይም ከአንድ በላይ የተጸውዖ ስም፣ እንዲሁም የአባት ስም እንዳለው ይደነግጋል፤ በአስተዳደር ሰነዶች ላይም የቤተሰብ ስሙ አስቀድሞ እንዲጻፍ ያዛል። ከዚያ ወዲህ ከስልሳ ዓመት በላይ አልፏል። ይህን አንቀጽ አክብሮ ለዘር ማንዘሩ የሚተላለፍ የቤተሰብ ስም ያወጣ ጎረቤት ያለው ሰው በዚህ አዳራሽ ካለ እጁን ቢያወጣ ደስ ይለኛል። ቱርክ እ.ኤ.አ. በ1934 ሕግ አውጥታ ዜጎቿን ሁሉ የቤተሰብ ስም አስያዘች፤ አይስላንድ በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1925 አዲስ የቤተሰብ ስም መያዝን በሕግ ከለከለች፤ ሕዝቧም በአብዛኛው እንደ እኛው በአባቱ ስም ይጠራል። እኛ በሕጋችን ከቱርክ ጋር፣ በኑሯችን ከአይስላንድ ጋር ሆነን ቀርተናል።

የእኛ ስም እንዴት እንደሚተላለፍ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ነገር ግን ስለ ብዛትና ስለ ብርቅነት ለመናገር አንድ ጊዜ ቀስ ብሎ ማስላት ያስፈልጋል። አንድ ሰው ሦስት ወንዶች ልጆች ቢወልድ፣ የእነዚህ ልጆች የመጨረሻ ስም የእርሱ ሳይሆን የአባቱ፣ ማለትም የልጆቹ አያት ስም ነው። የእርሱ ስም በመጨረሻው ቦታ ላይ የሚቀመጠው በወንዶች ልጆቹ በኩል በተወለዱት የልጅ ልጆቹ ሰነድ ላይ ብቻ ነው። የእነርሱ ልጆች ሲመጡ ደግሞ ስሙ ከቅጹ ይወጣና ቦታውን ሦስቱ ወንድማማቾች ለየራሳቸው ዘር ይይዙታል። ስለዚህ በኢትዮጵያ አንድ የመጨረሻ ስም የሚኖረው አንድ ትውልድ ነው፤ የሚያስተሳስረውም በአባት ወገን የአንድ አያት ልጆች የሆኑትን ብቻ ነው። አባትና ልጅ አይጋሩትም። ሴቶች ልጆችን ብቻ የወለደ አዛውንት፣ የልጅ ልጆቹ ግቢውን ቢሞሉትም፣ ስሙን በመጨረሻው ቦታ የሚሸከምለት አንድም ሰው የለውም።

እንግዲህ አንድ የኢትዮጵያ ስም «ይህን ያህል ሰው የሚጠራበት ብርቅ የቤተሰብ ስም ነው» ተብሎ በውጭ አገር ዝርዝር ውስጥ ተቆጥሮ ስናይ፣ የተቆጠሩት ዘመዳሞች ሳይሆኑ ተመሳሳይ ስም የነበራቸው አያቶች የልጅ ልጆች ናቸው። ይህ ልዩነት በየትኛውም የአገራችን ክፍል እውነት ቢሆንም በጅማ የተለየ መልክ አለው። መልኩን የሰጡት «አባ» ብለው የሚጀምሩት ስሞቻችን ናቸው።

በአፋን ኦሮሞ «አባ» አባትም ባለቤትም ማለት ነው። የፈረስ ስም ሲሆን የፈረሱን ባለቤት ይጠራል፤ ቀጥሎ የሚመጣው የፈረሱ ስም ነው፤ የፈረሱ ስም ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከመልኩ የተወሰደ ነው። ቦቃ ግንባሩ ላይ ነጭ ምልክት ያለው ነው፤ ቃሉን አማርኛ ተናጋሪውም ለከብቱ ይጠቀምበታል። መጋል ቡናማ መልክ ያለው ነው። ዳማ፣ ቡላ፣ ጉራቻ፣ ዳልቻ እያሉ የሚቀጥሉት የፈረስ መልኮች ሁሉ ከሰው ስም ጋር ተጣምረው በአካባቢያችን ይገኛሉ። ሰውየው ለአካለ መጠን ደርሶ ፈረስ ሲይዝ የሚከበርበት መጠሪያ ይህ ነበር፤ በልጅነት ስሙ በአደባባይ መጥራት ግን ድፍረት ነበር።

የፈረስ ስም የጅማ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዳግማዊ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ይባሉ ነበር። ልብ ብላችሁ ካያችሁ ግን ሁለት ልዩነቶች አሉ። የመጀመሪያው፣ ታጠቅ፣ በዝብዝ፣ ዳኘው የሚሉት ስሞች ግሦች ናቸው፤ ፈረሱም ጌታውም ምን እንደሚያደርጉ ይናገራሉ። የጊቤዎቹ፣ ማለትም የጅማና የአጎራባቾቿ የኦሮሞ መንግሥታት ስሞች፣ ብዙዎቹ ፈረሱ ምን እንደሚመስል ይናገራሉ። እርግጥ ነው፣ የወሎው ንጉሥ ሚካኤል አባ ሻንቆ መባላቸው የመልክ ስም በዚያም እንደነበረ ያሳያል። ሁለተኛው ልዩነት ለዛሬው ጉዳያችን ይበልጥ ይጠቅማል። በዚያ ወገን የፈረስ ስም የማዕረግ ያህል ከስም ጎን ቆሞ ቀረ እንጂ የዘር ሐረግ ውስጥ አልገባም፤ የምኒልክን የልጅ ልጅ፣ ልጅ ኢያሱን፣ በአያታቸው የፈረስ ስም የጠራቸው የለም። በጅማ ግን የፈረስ ስም የተጸውዖውን ስም ከቦታው አስነስቶ ራሱ የአባት ስም፣ ቀጥሎም የአያት ስም ሆነ። የመጨረሻው የጅማ ገዢ አባ ጆቢር አባ ዱላ ይባላሉ፤ የራሳቸውም የአባታቸውም ስም በ«አባ» ይጀምራል።

የጅማን ነገሥታት በተርታ ብንጠራቸው የቤተሰብ ስም የሚለው አስተሳሰብ እዚህ እንዴት እንደሚሰናከል በግልጽ ይታያል። ዘመኖቹን እ.ኤ.አ. ነው የምጠራው። ከ1830 ገደማ እስከ 1855 አባ ጅፋር ቀዳማዊ፣ የተጸውዖ ስማቸው ሰና የነበረው፣ የሂርማታው የአባ መጋል ልጅ፤ ከዚያ እስከ 1859 ልጃቸው አባ ሬቡ፤ ከዚያ እስከ 1862 የአባ ጅፋር ወንድም አባ ቦቃ፤ እስከ 1878 የአባ ቦቃ ልጅ አባ ጎሞል፤ ከዚያም እስከ 1932 የአባ ጎሞል ልጅ አባ ጅፋር ዳግማዊ። አምስቱም የአንድ ቤት ሰዎች ናቸው፤ ነገር ግን ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ አንድም የጋራ ስም የላቸውም። በተቃራኒው አንድ ስም ያላቸው ሁለቱ አባ ጅፋሮች አባትና ልጅ አይደሉም፤ አያትና የልጅ ልጅም አይደሉም፤ ዳግማዊው የቀዳማዊው ወንድም የልጅ ልጅ ናቸው። የሊሙ እናርያው ገዢ ቦፎም አባ ጎሞል ይባሉ ነበር፤ ልጃቸው ኢብሳ ደግሞ አባ ባጊቦ ተብለው እ.ኤ.አ. እስከ 1861 ገዙ። የሊሙው አባ ጎሞልና የጅማው አባ ጎሞል ስማቸው አንድ ነው፤ መንግሥታቸው ግን ሁለት ነው። ስሙን ብቻ ይዞ ዘመድ የሚፈልግ ሰው የሊሙን ከጅማ ቀላቅሎ፣ የጅማን አባትና ልጅ ለያይቶ ይመለሳል።

ታዲያ አምስቱን ነገሥታት ያስተሳሰራቸው ምንድን ነው? ዲጎ የሚባለው ጎሳቸው ነው። ሌላው ዓለም በቤተሰብ ስም የሚሠራውን ሥራ፣ ማለትም ማን የማን ወገን እንደሆነና ማን ማንን ማግባት እንደማይችል የመለየቱን ሥራ፣ እዚህ የሚሠራው በሰነድ ላይ የማይጻፈው ጎሳና በቃል የሚቆጠረው የአያት ቅድመ አያት ሐረግ ነው። ስሙ የሰውየው ነው፤ ጎሳው የሁሉም ነው። እንደ እኔ አመለካከት ይህ ክፍፍል ጉድለት ሳይሆን ብልሃት ነው፤ ስም ከዘር ሸክም ነፃ በመሆኑ እያንዳንዱ ሰው በራሱ ፈረስ ሊታወቅ ችሏል።

የአንድ ሰው የፈረስ ስም ምን ያህል ሊርቅ እንደሚችል ለማየት ከቦታው ስም የተሻለ ምስክር የለም። በኦሮሚያ ጅማ የሚባል ቦታ ብዙ ነው፤ ጅማ ራሬ አለ፣ ጅማ አርጆ አለ፣ ጅማ ሆሮ አለ። የእኛው ከሌሎቹ የተለየው ጅማ አባ ጅፋር በመባል ነው። አገር የሰው ስም እንደ አባት ስም አስከትሎ ሲጠራ ብዙ ጊዜ አታዩም። የከተማው የእግር ኳስ ክለብም ይህንኑ ስም ይዞ በ2010 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉ ሻምፒዮን ሆኗል፤ ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በፊት የአንድ ፈረስ መጠሪያ የነበረው ቃል በማልያ ላይ ታትሞ ሲሮጥ ማየት እኔን ሁልጊዜ ያስቀኛል።

በ«አባ» የሚጀምር ሁሉ ግን የፈረስ ስም አይደለም። አባ ዱላ የጦር መሪ ነው፤ አባ ቆሮ በጅማ መንግሥት የአንድ አውራጃ ገዢ ነበር፤ አባ ገንዳ ከእርሱ በታች የሚያስተዳድር ነው፤ አባ ኬላ የመግቢያ በሩ ጠባቂ ነው፤ አባ ቢያ የአገሩ ባለቤት እንደ ማለት ነው። የሹመት ስሞች ስለሆኑ ባለሥልጣኑ ሲሻር ለተተኪው ማለፍ ይገባቸው ነበር። ነገር ግን ልጁ «የአባ ቆሮ ልጅ» ተብሎ ሲጠራ ስሙ ከመሥሪያ ቤት ወደ ቤት ገባ። ዛሬ አያቱ አባ ዱላ የሆነ ሰው አያቱ ጦር መርቶ እንደሆነ ወይም ስሙን ከአክብሮት ብቻ አግኝቶት እንደሆነ ከሰነዱ ማወቅ አይችልም፤ ይህን የሚነግሩት ሽማግሌዎች ናቸው። በነገራችን ላይ የሰሜን ሰው እነዚህን ስሞች ሲሰማ መነኩሴ መጡ ብሎ ያስባል። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን «አባ» የመነኩሴና የካህን ማዕረግ ነውና መሐመድ አባ እገሌ የሚባል የጅማ ሙስሊም በአዲስ አበባ መሥሪያ ቤት ስሙን ሲያስመዘግብ ጥቂት ፈገግታ መቀበሉ አይቀርም።

አሁን ወደ ቁጥሩ ልመለስ። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው ሕዝብ ቆጠራ የጅማ ከተማ ሕዝብ 120,960፣ የጅማ ዞን ደግሞ 2,486,155 ነበር። ቆጠራው ሃይማኖትን፣ ቋንቋንና ብሔርን መዝግቧል፤ ስምን ግን በዓይነቱ አልቆጠረም። ስለዚህ የ«አባ» ስሞችን ብዛት የሚነግረን ቢኖር ከሰነድ ወደ ኮምፒውተር የተገለበጠ መዝገብ ነው፤ እዚያ ደግሞ የፊደል ጉዳይ ይገባል። በግዕዝ ፊደል መጥበቅና መላላት ስለማይጻፍ አባ በአንድ መልክ ብቻ ይጻፋል። ወደ ላቲን ፊደል ሲገለበጥ ግን «ቢ» አንድ ወይም ሁለት ሊሆን ይችላል፤ መጨረሻው ላይ ያለው «ኤ» አንድ ወይም ሁለት ሊሆን ይችላል፤ ከሚቀጥለው ቃል ጋር ተጣብቆ ወይም ተለያይቶ ሊጻፍ ይችላል። ሁለት በሁለት በሁለት ሲባዛ ስምንት ነው፤ ይህም ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊደላት ብቻ ነው። ጅፋርን ራሱን ለመጻፍ ያሉትን መንገዶች አልጨመርኩም። ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን አጻጻፍ እንደ ሌላ ስም ስለሚቆጥር፣ አንድ ተራ የጅማ ስም ስምንት ቦታ ተከፋፍሎ በየቦታው «እጅግ ብርቅ» ይባላል። ተለያይቶ ሲጻፍ የሚደርሰው ደግሞ የባሰ ነው፤ ቅጹ ሁለተኛውን ቃል እንደ ሌላ ሰው ስም ይወስደውና አያትየው ፈረሱን አጥቶ «አባ» ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ወይም ፈረሱ ብቻውን አያት ይሆናል።

ወደ ውጭ አገር የሄዱ ልጆቻችን ጉዳይ ከዚህ ይለያል። እዚያ የመጨረሻው ስም ለልጅ ሳይለወጥ ይተላለፋል። ከጅማ ተነሥቶ ሌላ አገር የሰፈረ ሰው አያቱ አባ መጋል ከነበሩ፣ ልጁም የልጅ ልጁም መጋል የሚለውን ስም ይዘው ይቀጥላሉ፤ በእኛ ዘንድ በአንድ ትውልድ ያልፍ የነበረው ስም በስደተኛው አያት ላይ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ያ ስም የአውሮፓ የቤተሰብ ስም የሚመራበትን ሥርዓት ይከተላል። እንግሊዛውያኑ ጋልተንና ዋትሰን እ.ኤ.አ. በ1874 እንዳሳዩት፣ በወንድ መስመር ብቻ የሚተላለፍ ስም በጥቂት ሰዎች ከጀመረ፣ ሕዝቡ ባይቀንስም እንኳ በዕድል ብቻ የመጥፋት ዕድሉ ከፍተኛ ነው፤ የአንዱ ትውልድ ባለስም ሁሉ ሴቶች ልጆችን ብቻ ከወለደ ስሙ ያበቃል። ስለዚህ በውጭ አገር ከሚቆሙት የ«አባ» ስሞች ብዙዎቹ እንደሚጠፉ፣ ጥቂቶቹ ደግሞ ከተጠበቀው በላይ እንደሚበዙ መገመት ይቻላል፤ የትኛው የትኛው እንደሚሆን በስሙ ክብር የሚወሰን አይደለም።

እዚህ በአገር ቤት ግን በእጃችን ያለ ነገር አለ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባና የብሔራዊ መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ከወጣ በኋላ፣ ምዝገባው በመላ አገሪቱ በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ተጀምሯል፤ ፋይዳ የተባለው ዲጂታል መታወቂያም በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ተደንግጎ በመሰጠት ላይ ነው። ዛሬ በመስኮት በኩል የሚገባው አጻጻፍ በልጁ የትምህርት ማስረጃ፣ በባንክ ደብተሩና በፓስፖርቱ ላይ ሲከተለው ይኖራል። ስለሆነም መዝጋቢዎቻችን «አባ» ያለበትን ስም ከሚቀጥለው ቃል ጋር እንደ አንድ ስም ቆጥረው በአንድ ቦታ እንዲጽፉት፣ ቤተሰብም የወንድሞችንና የእህቶችን ሰነድ ጎን ለጎን አስቀምጦ አጻጻፉ አንድ መሆኑን ከመፈረሙ በፊት እንዲያይ እጠይቃለሁ። አያቶቻችሁ በሕይወት ካሉ ስማቸው የፈረስ ነው ወይስ የሹመት፣ ፈረሱስ ምን መልክ ነበረው ብላችሁ ጠይቁና ከልደት ምስክር ወረቀቱ ጋር በሚቀመጥ ወረቀት ላይ ጻፉት፤ ቅጹ ለዚህ ክፍት ቦታ የለውምና።

ለጥያቄና ለእርማት ጊዜ እንዲተርፍ እዚህ ላይ አቆማለሁ። በተለይ ከሊሙ፣ ከጎማ፣ ከጌራና ከጉማ የመጣችሁ አባቶች ስለየአካባቢያችሁ ስሞች የምትጨምሩት ካለ መድረኩ ለእናንተ ነው።