ያውቅበታል

እንደምን ዋላችሁ። ኮሪያኛ መማር የጀመራችሁ ልጆች ስለሆናችሁ ሰዋስው ላስተምር የመጣሁ መስሏችሁ ይሆናል። ዛሬ ሰዋስው የለም። የማወራችሁ ስለ አንድ የአራዳ ቃል ነው፤ ማትጃላል።

ቃሉን እንፍታው። ማት ጣዕም ነው። ጃል ማለት በደንብ። አል ደግሞ "ማወቅ" ከሚለው ግስ ላይ የተቆረጠች ናት። ሦስቱ ሲገጥሙ "ጣዕም በደንብ የሚያውቅ ሰው" ይሆናሉ። እኛ "የኢትዮጵያ ዜና አገልግሎት"ን ኢዜአ እንደምንለው፣ የኮሪያ ወጣቶችም ረጅሙን አነጋገር እየቆረጡ፣ ከየቃሉ አንዳንድ ድምፅ እያነሱ አዲስ ቃል ይሠራሉ። ኳስ የሚገባው ሰው ቹክጃላል ነው። ጣዕም የማይገባው ደግሞ ማታልሞት። ሞት ስትሰሙ አትደንግጡ፣ በእነሱ ቋንቋ "አይችልም" ማለት ነው።

ብዙ ሰው ይህንን ከሙክባንግ ጋር ያምታታዋል። ሙክባንግ ካሜራ ፊት ተቀምጦ እያወሩ መብላት ነው፤ እዚያ ብዙ ጊዜ የሚደነቀው ብዛቱ ነው። ማትጃላል ግን በብዛት አይለካም። አንድ ማንኪያ ቀምሶ መረቁ ከምን እንደወጣ የሚነግራችሁ ሰው ነው። ኪምቺው፣ ያ በበርበሬ ተለውሶ የሚቀመጠው ጎመን፣ ገና እንደሆነና ከሩዝ ጋር እንደሚበላ፣ ወይም ቆይቶ እንደኮመጠጠና አሁን ለወጡ፣ ለኪምቺ ጂጌ እንደሚሻል ያውቃል።

ወንድሙ የሆነ ሌላ ቃል አለ፤ ሞክጃላል። ሙክባንግ ላይ ያለችው "ሙክ" ናት፣ ኮሪያዎቹ ሲጠሯት ወደ ሞክ ትጠጋለች፤ መብላት ማለት ናት። ሞክጃላል አበላሉን የሚያውቅ ሰው ነው፤ የቱ ከየቱ ጋር እንደሚሄድ፣ የቱ መጨረሻ ላይ እንደሚበላ። እኔ ይህንን ቃል ወደ አማርኛ ለመመለስ ብዙ ደክሜያለሁ። "የምግብ አዋቂ" ደረቅ ነው። "በላተኛ"ም ልክ አይመጣም። ለካ ቃሉ እቤታችን ነበር፤ ያውቅበታል። "ያውቃል" አላልኩም። ያቺ "በት" ናት ሁሉንም የያዘችው።

አሁን ጥንቃቄ ወደሚፈልገው ነገር ልምጣ። ማትጃላል ሌላ ሰው የሚሰጣችሁ ስም ነው እንጂ ለራሳችሁ የምታወጡት አይደለም። ኮሪያዎች ራሱ በዚህ ተቸግረዋል። የፒዮንግያንግ ናንግሚዮን የሚባል ምግብ አላቸው፤ ባክዊት ከሚባል እህል የሚሠራ ፓስታ መሰል ነገር በቀዝቃዛ የሥጋ መረቅ። መጀመሪያ ስትቀምሱት ውኃ ውኃ ይላችኋል። ጣዕሙን "ሱምሱም" ይሉታል፣ ጨውም ቅመምም ያልበዛበት ለማለት። ሚያዝያ 2010 ዓ.ም. የሁለቱ ኮሪያ መሪዎች ፓንሙንጆም ላይ ሲገናኙ ከፒዮንግያንግ መጥቶ የቀረበው ይኸው ነበር፤ በዚያው ቀን ሴኡል ያሉ ናንግሚዮን ቤቶች በር ላይ ሰልፍ ተሰለፈ። ታዲያ በዚህ ምግብ ዙሪያ ሌላውን የሚቆጣጠሩ ሰዎች ተነሡ። በመቀስ አትቁረጠው፣ ኮምጣጤውን መረቁ ውስጥ አታፍስ፣ እንዲህ ካልበላህ አልገባህም እያሉ አጠገባቸው የተቀመጠውን ሰው መብላት እስኪያቅተው ድረስ ማስተማር ያዙ። ለእነሱም ስም ወጣላቸው፤ ሚዮንስፕሌን፣ "በናንግሚዮን ስም ሰው ላይ ሌክቸር መስጠት" እንደማለት። እኔ በጣም ደስ ያለኝ ቃል ነው። ጣዕም ማወቅና ሰው ማሸማቀቅ አንድ እንዳልሆኑ ቋንቋው ራሱ ለይቶ አስቀመጠው።

ለእኛ ቅርብ ወደሆነው ከተማ ልውሰዳችሁ፣ ወደ ቹንቾን። የቃኘው ሻለቃ ዘማቾች መታሰቢያ ያለበት ነው፤ ግንቦት 1960 ዓ.ም. ሐውልቱ ሲመረቅ ንጉሠ ነገሥቱ ተገኝተዋል። አጠገቡ ያለው ቡና ቤት ስሙ "ኢትዮጵያ ቤት" ነው። ኮሪያዎችም ጎበዝ ምግብ ቤትን ማትጂፕ ይሉታል፤ ጂፕ ቤት ነው፣ የጣዕም ቤት። ሽሮ ቤት፣ ክትፎ ቤት እንደምንለው።

ቹንቾን የታወቀችው በዳክጋልቢ ነው። ዶሮው በኮሪያ ቀይ የበርበሬ ድልህ ተለውሶ፣ ከጥቅል ጎመንና ከስኳር ድንች ጋር፣ ጠረጴዛው መሐል ባለ ትልቅ የብረት ምጣድ ላይ ይጠበሳል። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ጓደኞቼ ዶሮውን ጨርሰው፣ የቀረው ላይ ሩዝ ተጠብሶላቸው፣ እሱንም በልተው ተነሡ። እኔ አልተነሣሁም። ምጣዱ ላይ የተጣበቀ ቀይ ቅርፊት ነበር። እቤታችን እኮ ከሁሉም የሚሻለው ወጡን የጠጣው የታችኛው እንጀራ ነው፣ ልጅ ሆነን የተጣላነው በእሱ ነው፤ ስለዚህ ዝም ብዬ በማንኪያዬ መፋቅ ጀመርኩ። የቤቱ ሴትዮ አዩኝ። ኢሞ ነው የምንላቸው፣ አክስት ማለት ነው። የብረት መፋቂያቸውን ይዘው መጡና ቅርፊቱን በሙሉ አንሥተው ሳህኔ ላይ አደረጉልኝ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ አሉ፤

"ሞግል ጁል አነ።"

መብላት ታውቅበታለህ።