«አይዞሽ» ያልኩት ለማን ነበር?

ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ማታ ነው፣ ልጆቹ ተኝተዋል። ለረጅም ጊዜ ላወራው እያሰብኩ ስተወው የቆየሁትን ነገር ዛሬ ላወራው ነው። ስለ አንድ ቃል ነው። «አይዞሽ» ስለምንለው ቃል።

አዲስ ለሆናችሁ፣ እኔ ሶሻል ወርከር ነኝ። የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ ነው፣ በብዛት ከዐረብ አገር ተመልሰው መግቢያ ካጡ ሴቶች ጋር። ሥራሽ ምንድን ነው ብትሉኝ፣ ግማሹ ፎርም መሙላትና ደብዳቤ ይዞ ከወረዳ ወረዳ መዞር ነው። ሌላው ግማሽ ከሰው ጋር መነጋገር ነው። መርፌ የለኝም፣ ኪኒን የለኝም። ያለኝ መሣሪያ አፌና ጆሮዬ ነው። ነርስ መርፌውን ንጹሕ መሆኑን ሳታይ አትወጋም። እኔ ግን ከአፌ የሚወጣውን ሳላይ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር። የማነሳቸው ሰዎች እንዳይታወቁ ዕድሜም ሰፈርም ቀያይሬያለሁ። የተባባልነው ግን እንደተባባልነው ነው።

አንዲት ልጅ ነበረች። ልጅ ስላችሁ ሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ናት። ሦስት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ፣ የመጨረሻውን ስምንት ወር ደሞዝ ሳትቀበል፣ አንድ ፌስታል ይዛ ነው የተመለሰችው። የአገሯ ልጅ ጋ ተጠግታ ነበር። ፊት ለፊቴ ተቀምጣ የነጠላዋን ጫፍ ትጠመዝዛለች። «ቤተሰቦችሽ መምጣትሽን ያውቃሉ?» አልኳት። ዝም አለች። እኔ ወዲያው «አይዞሽ» አልኩ። ትንሽ ቆይታ «እናቴ…» ብላ ጀመረች፣ ድምጿ ተቆረጠ፣ እኔም «አይዞሽ፣ አይዞሽ፣ ሁሉም ያልፋል፣ አንቺ ብቻ አይደለሽም፣ ስንቱ አልፎታል መሰለሽ» እያልኩ ሶፍት አቀበልኳት። እንባዋን ጠረገች። «እሺ እህቴ» አለችኝ። ፎርሙን ሞላን፣ ቀጠሮ ያዝን፣ ሸኘኋት። ጥሩ ሠራሁ ብዬ ነው ቀኑን የጨረስኩት። ደስ ብሎኝ ነበር።

በቀጠሮዋ ቀን አልመጣችም። በሚቀጥለው ሳምንትም አልመጣችም። ስልኳ ዝግ ነው።

ያኔ አንድ ሱፐርቫይዘር ነበሩኝ፣ በዕድሜ እናቴን የሚያህሉ ሴት። እሳቸው ዘንድ ስትሄዱ ኬዙን በቃል መተረክ አይቻልም። የተባባላችሁትን እንዳለ ጽፋችሁ ትሄዳላችሁ። ገጹን ለሦስት ትከፍሉታላችሁ። አንደኛው ላይ እሷ ያለችውና እኔ ያልኩት፣ አንድም ቃል ሳይስተካከል። ሁለተኛው ላይ በዚያች ሰዓት እኔ የተሰማኝ። ሦስተኛው ለእሳቸው ባዶ ይተዋል። ሶሻል ወርክ የተማራችሁ ታውቁታላችሁ፣ ተማሪ ሆነን ሁላችንም እናማርር ነበር። አርባ ደቂቃ ያወራችሁትን ለመጻፍ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ደግሞ ስትጽፉት ማሳመር ያምራችኋል። ያላላችሁትን ብልህ ጥያቄ መጨመር ያምራችኋል።

ጽፌ ሄድኩ። አነበቡት። ምንም አላሉም። ቀይ እስክሪብቶ አወጡና «አይዞሽ» ያለበትን ሁሉ አሰመሩበት። ቆጠርኩት፣ ዘጠኝ ቦታ ነው። ሁለተኛው ዓምድ ላይ ደግሞ ከላይ እስከ ታች የጻፍኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «አዘንኩላት» ይላል።

«ይቺን ስትዪ ምን ሆነሽ ነበር?» አሉኝ።

«እያለቀሰች ነበር» አልኳቸው።

«እሷን አልጠየቅኩሽም። አንቺ ምን ሆነሽ ነበር?»

መልስ አልነበረኝም። እውነት ለመናገር ትንሽ ተናድጄ ነው የወጣሁት። ሰው አጽናናሁ፣ ምን አጠፋሁ? ታክሲ ውስጥ ሁሉ ከራሴ ጋር ስከራከር ነበር። ማታ ግን ደብተሩን ገለጥኩና ሁለተኛውን ዓምድ እንደገና ልሞላው ሞከርኩ። «እናቴ…» ያለችበት ቦታ ላይ ደረስኩ። ምን ተሰማኝ? ሆዴ ተጨነቀ። እጄ ሶፍት ፍለጋ ሄደ። ፈራሁ። ምኑን ነው የፈራሁት?

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ።

አባቴ ሲሞት ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ድንኳኑ ትዝ ይለኛል፣ ሙሾው ትዝ ይለኛል። ከሁሉም የሚበልጥብኝ ግን እንግዳው ሁሉ ከሄደ በኋላ ያለው ነው። እናቴ ማታ ማታ ማድቤት ገብታ ታለቅሳለች። ታናናሾቼ እንዳይሰሙ እኔ እገባና «እማ በቃሽ፣ አይዞሽ» እላታለሁ። እሷም ትጠርጋለች፣ «እሺ የኔ ልጅ» ትለኛለች፣ ቤቱ ጸጥ ይላል። ቃሉ ይሠራ ነበር። እናቴ ስታቆም እኔ መተኛት እችላለሁ። እና ከሃያ ምናምን ዓመት በኋላ ቢሮ ውስጥ፣ መታወቂያ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ አንዲት ሴት «እናቴ» ብላ ድምጿ ሲቆረጥ፣ ያቺ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት ብድግ ያለችው። «አይዞሽ» ያልኩት እንድታቆም ነው። እኔ እንድረጋጋ ነው። እሷም ገባት መሰለኝ፣ አቆመችልኝ።

ይሄን ስጽፍ አለቀስኩ። ለማንም ሳልነግር ረጅም ጊዜ ቆየሁ።

ሌላም ነገር አለበት፣ ሁሉንም በልጅነቴ ላይ መጣል አልፈልግም። ሥራው ራሱ አስለምዶኛል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ፣ ከሳውዲ ዓረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ሰው ሲመለስ እኔ ጀማሪ ነበርኩ። ከአውሮፕላን የሚወርደውን ሰው ፊት ታያላችሁ፣ ከኋላው ያለው ሰልፍ አያልቅም። ለአንድ ሰው ያለህ ጊዜ ስም መመዝገቢያ፣ ውኃ ማቀበያ፣ «አይዞሽ» ማለቻ ነው። ያን ጊዜ ቃሉ ትክክል ነበር። ከዚያ በላይ የምንሰጠው አልነበረንም። ችግሩ፣ ያቺ የሰልፍ «አይዞሽ» አርባ ደቂቃ ቁጭ ብዬ ላዳምጣት ከምችላት ሴት ጋርም ተከትላኝ መጣች።

ትምህርት ቤት ይሄን ሳንማር ቀርተን አይደለም። ፌሊክስ ባይስቴክ የተባለ አሜሪካዊ ቄስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1957 ካስቀመጣቸው ሰባት መርሆች መካከል ሁለቱን ልብ በሉ። አንዱ ባለጉዳዩ ስሜቱን እንዲያወጣ ቦታ መስጠት ነው። ሌላው የሠራተኛው የራሱ ስሜት በልክ እንዲያዝ ነው። ለፈተና ሸምድጄዋለሁ። ግን ሁለቱ የተያያዙ መሆናቸው አልገባኝም ነበር። የራሴን ስሜት ካላወቅኩት የእሷ ስሜት የሚወጣበትን በር የምዘጋው እኔ ነኝ። ዶናልድ ሾን የተባለ አሜሪካዊ ምሁር ደግሞ እንደ አውሮፓውያኑ በ1983 የባለሙያን አስተሳሰብ ሲያብራራ፣ ሥራው ካለቀ በኋላ ወደ ኋላ ተመልሶ ማሰብና እየሠሩ እዚያው ማሰብ ይለያያሉ ብሏል። የመጀመሪያው በደብተር ይሆናል። ሁለተኛው ነው የሚከብደው። ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ፣ ሳልለቀው፣ «አሁን ይሄ ለማን ነው?» ማለት። አንዳንዴ መልሱ «ለእሷ ነው» ይሆናል፣ ያኔ እላለሁ። ቃሉን አልጣልኩትም፣ እንዳይመስላችሁ። አገራችን ላይ «አይዞሽ» ያላለ ሰው ደግሞ ድንጋይ ነው የሚመስለው።

የሚገርመኝ፣ ዝም ብሎ አብሮ መቀመጥን ከማንም በላይ እናውቅበታለን። ለቅሶ ቤት ስንሄድ ምን እናደርጋለን? ገብተን፣ አንገታችንን ደፍተን፣ ቁጭ እንላለን። ማንም «ምን ተሰማሽ?» ብሎ አይጠይቅም፣ ማንም መፍትሔ ይዞ አይመጣም። ሰዓታት እንቀመጣለን። ቢሮ ስንገባ ያ ሁሉ የት ይሄዳል? ፎርሙ ጠረጴዛው ላይ ስለተቀመጠ ነው? እንጃ፣ እኔ አዎ ይመስለኛል። ፎርሙ ዝምታ የሚጻፍበት ቦታ የለውም።

ደብተሩን ከያዝኩ ወዲህ ሌላም ነገር አየሁ። አንድ ቀን ደሞዝ የተከለከለች የቤት ሠራተኛ ጉዳይ ለመነጋገር አሠሪዋ ቤት ሄድኩ። ሦስታችንም ሳሎን ተቀመጥን። ማታ ስጽፈው እጄ ቆመ። አሠሪዋን «እርስዎ እንዴት አዩት?» ብያታለሁ። ልጅቷን «አንቺስ?»። አሠሪዋ እኮ እኩያዬ ናት፣ እንዲያውም ታንሰኝ ይሆናል። የመጣሁት ደግሞ ለልጅቷ ነው። ማንም ምንም አላለም፣ እዚያ ቤት ውስጥ የተለመደ ስለሆነ ማንም አልሰማውም። ግን ልጅቷ ያን ቀን ከሁለት ዓረፍተ ነገር በላይ አልተናገረችም፣ እና ማን ከማን እንደሚበልጥ ገና ከበር ስገባ በሰዋስው የነገርኳት እኔ ነኝ።

በሚቀጥለው ስሄድ ሁለቱንም «እርስዎ» አልኳቸው። ልጅቷ በእጇ አፏን ሸፈነች። «እኔን ነው?» አለች። «አዎ፣ እርስዎን ነው» አልኳት። አሠሪዋ ቀና ብላ አየችኝ። ገንዘቡ ያን ቀን አልተከፈለም፣ ብዙ ምልልስ ነበረው። ልጅቷ ግን ስንት ወር እንደሆነና ስንት እንደተስማሙ አንድ በአንድ፣ በራሷ አፍ ቆጥራ ተናገረች።

«እሺ» ራሱ አለ ደግሞ። «እሺ» ስንቱን ይሸከማል! ሰምቻለሁ ማለት ይሆናል፣ አከብርሻለሁ ማለት ይሆናል፣ በቃ ልቀቂኝ ማለትም ይሆናል። እኔ ለብዙ ጊዜ የሰማሁት «ተስማምቻለሁ» የሚለውን ብቻ ነው። ሪፖርቴ ላይ «ባለጉዳይዋ ተስማምታለች» ብዬ የጻፍኩት ስንቱ «እባክሽ ልሂድ» እንደነበር አሁን ሳስበው ያመኛል።

ወጣት ሶሻል ወርከሮች እንደምትሰሙኝ አውቃለሁ፣ ለእናንተ አንድ ነገር ልበል። ብዙ ቢሮ ሱፐርቪዥን የሚባለው «በዚህ ወር ስንት ሰው አየሽ?» ነው። ቁጥር ነው። ምክንያቱም ግልጽ ይመስለኛል። አገራችን ላይ የሶሻል ወርክ ትምህርት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1959 ተጀመረ፣ በደርግ ጊዜ ተዘጋ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተመለሰው በ2004 ነው። ሠላሳ ዓመት ገደማ ባዶ ነው። ቀይ እስክሪብቶ ይዘው «አንቺ ምን ሆነሽ ነበር?» የሚሉ ታላላቆች ጥቂት የሆኑት ለዚህም ይመስለኛል። እና ከሌላችሁ ጓደኛ ፈልጉ። ሁለት ሆናችሁ፣ በወር አንድ ጊዜ፣ ስም ሳታነሱ፣ የጻፋችሁትን አንዱ ለአንዱ ያንብብ። ግን እባካችሁ ራሳችሁን መቅጫ አታድርጉት። እኔ አድርጌው አውቃለሁ። ደብተሩ ላይ «ደካማ ነሽ» እያልኩ የጻፍኩባቸው ሳምንታት አሉ። ያኔ ባለጉዳዮቼን ጨርሶ አልሰማሁም፣ ራሴን ስመለከት ነው የዋልኩት።

ያቺ ልጅ ከወር በላይ ቆይታ መጣች። ለመታወቂያ ደብዳቤ ፈልጋ ነው። ክረምት ነበር፣ ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ይወርዳል። ፎርሙን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ያንኑ ጥያቄ ጠየቅኳት፣ «ቤተሰቦችሽ መምጣትሽን ያውቃሉ?»

ዝም አለች። ቃሉ መጣብኝ። ሆዴ ያው እንደድሮው ተጨነቀ። ዋጥኩት። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም፣ ለእኔ በጣም ረጅም ነበር። ነጠላዋን ትጠመዝዛለች፣ ትፈታለች።

«እናቴ በሬያችንን ሸጣ ነው የላከችኝ» አለች። «አንድ በሬ ነው የነበረን። ምን ይዤ ልግባ?»

«ሁሉም ያልፋል» ብያት ነበር እኮ። ስለ በሬው ሳላውቅ።

አሁንም ምንም አላልኩም፣ የምለው ስላልነበረኝም ነው። አለቀሰች፣ ረጅም ጊዜ አለቀሰች። ከዚያ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገችና «ስልክሽ ካርድ አለው?» አለችኝ። ሰጠኋት። ቁጥሩን በቃሏ ታውቀው ነበር። መደወል ስትጀምር ተነሥቼ ኮሪደር ወጣሁ፣ በሩን ገርበብ አደረግኩት። «እማ፣ እኔ ነኝ» ስትል ሰማሁ። ከዚያ ለቅሶ ነው፣ ቃል የለውም።

ሃያ ደቂቃ ቆምኩ። ቀጣዩ ባለጉዳይ ወንበሩ ላይ ሆኖ ያየኛል። ያን ቀን ማታ ደብተሬ ሁለተኛው ዓምድ ላይ የጻፍኩት «የበሩን እጀታ ሁለት ጊዜ ያዝኩት» የሚል ነው።

ደህና እደሩ።