ከጁፒተር ጋር አንድ ምኅዋር የሚጋሩ አስትሮይዶች፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ (ከባሕር ዳር የደወሉ አድማጭ) «ትሮጃን» የሚባሉት አስትሮይዶች በጁፒተር ምኅዋር ላይ የሚሄዱ ከሆነ፣ ግዙፉ ፕላኔት እንዴት ወደ ራሱ ስቦ አያስቀራቸውም?

መልስ፦ ጁፒተርማ ይስባቸዋል፤ ነገር ግን ፀሐይም ትስባቸዋለች። የሒሳብ ሊቁ ላግራንዥ እ.ኤ.አ. በ1772 እንዳሳየው፣ ከፕላኔቱ 60 ዲግሪ ቀድሞና 60 ዲግሪ ተከትሎ በሚገኙት ሁለት ቦታዎች የሁለቱ ስበት ተደምሮ አንድን ትንሽ አካል ከፕላኔቱ እኩል፣ ማለትም በ12 ዓመት ገደማ፣ ፀሐይን እንዲዞር ያደርገዋል። ብዙ ሰው በቦታዎቹ ላይ አንዳች የሚስብ አካል ያለ ይመስለዋል፤ የለም። እጅግ የሚደንቀው አስትሮይዱ ከቦታው ፈቀቅ ሲል የሚመለስበት መንገድ ነው። ቀድሞ የሚሄደው ወደ ጁፒተር ሲቀርብ ፕላኔቱ ከኋላ ስለሚጎትተው ጉልበቱ ይቀንስና ወደ ፀሐይ ጠጋ ይላል፤ ለፀሐይ የቀረበ ደግሞ ፈጥኖ ስለሚዞር፣ ወደ ኋላ የተጎተተው አካል ያንኑ ጉተታ ተከትሎ ወደ ፊት ይርቃል። ከልክ በላይ ሲርቅም የዚህ ተቃራኒ ይሆንና ይመለሳል። አንዱ ምልልስ 150 ዓመት ገደማ ይፈጃል። ማክስ ቮልፍ የመጀመሪያውን፣ አኪሊስን፣ በጀርመን አገር በሃይደልበርግ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1906 ነበር፤ ዛሬ የሚታወቁት ከ10,000 በላይ ናቸው።

ጥያቄ፦ (ከዘጌ) ከጣና ዳርቻ ሆነን ልናያቸው እንችላለን?

መልስ፦ በዓይን አይታዩም፤ ትልቁ ሄክቶር እንኳ ጥሩ ቴሌስኮፕ ይፈልጋል። ያሉበትን አቅጣጫ ግን ማወቅ ይቻላል። ጁፒተር እኩለ ሌሊት ላይ ከአናትዎ በላይ በሚሆንበት ወቅት ክንድዎን ዘርግተው ቡጢ ይጨብጡ፤ የቡጢው ስፋት 10 ዲግሪ ያህል ነው። ከጁፒተር ሰባት ቡጢ ያህል ወደ ምሥራቅ ቀዳሚዎቹ፣ ያንኑ ያህል ወደ ምዕራብ ተከታዮቹ ይገኛሉ።

ጥያቄ፦ (ከጎርጎራ የደወሉ መምህር) ወደ እነርሱ የተላከችው መንኮራኩር ስሟ ከኢትዮጵያ ጋር ይያያዛል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው፣ መምህር። የናሳዋ «ሉሲ» እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 ስትመጥቅ ስሟ የተወሰደው በ1974 አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ ከተገኘችው ከድንቅነሽ ነው። በኅዳር 2023 በመንገዷ ያለፈችው ትንሽ አስትሮይድም «ድንቅነሽ» ተብላለች፤ ይህቺ ግን ትሮጃን ሳትሆን በማርስና በጁፒተር መካከል ካለው ቀበቶ ናት። በዚያው ጉዞ የታየችው ጨረቃዋ፣ ተጣብቀው የሚኖሩ ሁለት ድንጋዮች ሆና የተገኘችው፣ በዲኪካ በተገኘችው ሕፃን ስም «ሰላም» ተብላለች። ለተማሪዎችዎ ይህን ቢነግሯቸው ደስ ይለኛል።

መንኮራኩሯ ከቀዳሚዎቹ ትሮጃኖች ጋር ከ2027 ጀምሮ፣ ከተከታዮቹ ጋር ደግሞ በ2033 ትገናኛለች። እኔ በበኩሌ አጥብቄ የምጠብቀው የቀለማቸውን ጉዳይ ነው፤ ከፀሐይ እኩል ርቀት ላይ እየኖሩ ከፊሎቹ ግራጫ፣ ከፊሎቹ ቀላ ያሉ መሆናቸው፣ በተለያየ ስፍራ ተፈጥረው ፕላኔቶቹ ቦታ ሲቀያየሩ እዚያ የተያዙ ስለመሆናቸው ፍንጭ ሊሆን ይችላልና።